የጋሸ ፈንታ የባና መብራቶች

የጋሸ ፈንታ መርዶ የደረሰኝ በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። «የቀድሞ ባልደረባችን አቶ ፈንታ ስላረፉ የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ነገ በአዲስ ቅዳም ከተማ ይፈጸማል» ይላል። ከሥሩ አንድ አዲስ ተቀጣሪ «የትኛው አቶ ፈንታ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «ባርኔጣዎቹን የሰቀሉት» ብሎ መለሰለት። እኔም ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት። ስለ እሳቸው በሁለት መስመር አንድ ጊዜ ጽፌ አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ባርኔጣ የተባሉት መብራቶች ናቸው። እንጅባራ ውስጥ ባለው፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ዛሬም ተንጠልጥለዋል። ሰፋፊ፣ ወፋፍራም፣ ከባና፣ ማለትም ከበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የተሰፉ ጥቁር ቡናማ ቆቦች ናቸው፤ በየመሀላቸው አምፖል አለ። ሰው ሲያያቸው ለጌጥ የተሰቀሉ ይመስሉታል። የተሰቀሉት ግን ጫጫታ እንዲውጡ ነው።

አዳራሹን ያላየ ሰው ይህን ላያምን ይችላል። ባለጉዳይ የምናስተናግድበት ረጅም ክፍል ነው። ኮርኒስ የለውም፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ሊሾ፣ ዙሪያውን ብሎኬት ነው። ድምፅ የሚያርፍበት አንድ ለስላሳ ነገር አልነበረም። የምንሠራው የገጠር መሬት ጉዳይ ነው፤ ውርስ፣ ድንበር፣ የይዞታ ደብተር። ከአዘና፣ ከዘንገና፣ ከየቀበሌው የሚመጣው ገበሬ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ምስክሩን፣ ወንድሙን፣ አማቹን ይዞ ነው። አንዱ ሲናገር ቆርቆሮው ይመልሰዋል። ሌላው እሱን ለመብለጥ ይጮኻል፤ እኛም እነሱን ለመብለጥ እንጮኻለን። በዚያ ላይ ማኅተም ይመታል፤ ሕፃን ያለቅሳል። ከዳንግላ ተመድቤ በመጣሁ በሳምንቱ ድምፄ ተዘግቶ ነበር።

ጋሸ ፈንታ የተቀመጡት መስኮት አንድ ላይ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ፤ በበጋም በክረምትም ኮታቸውን አያወልቁም። ሲያናግሯቸው ዓይን አያዩም፤ የሚያዩት አፍ ነው። «ወረቀት አይቸኩልም፤ የሚቸኩለው ሰው ነው» የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ባለጉዳይ ሲያጣድፋቸውም፣ ኃላፊ ሲቆጣቸውም ያቺኑ ይደግሟታል። ሰልፉ ሁልጊዜ ወደሳቸው የሚረዝመው አዊኛ ስለሚናገሩ ነበር። የገጠር ሽማግሌዎች አማርኛ አቅቷቸው አይደለም። ነገር ግን የማሳቸውን፣ የወሰኑን፣ የዛፉን ስም የሚያውቁት በአዊኛ ነው። ወሰን ደግሞ በትርጉም ሲነገር ሁለት ክንድ ይሸሻል፤ ይኼም የጋሸ ፈንታ አባባል ነው።

ታዲያ ሰውየው ኩሩ ነበሩ፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ከኋላ ብትጠራቸው አይዞሩም። በመተላለፊያው «እንደምን አደሩ» ስትላቸው ቀጥ ብለው ያልፋሉ። አንድ ባለጉዳይ ጉሮሮው እስኪነቃ ሲለፈልፍ እሳቸው ሌላ ወረቀት ያገላብጣሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ መታማታቸውን የማያውቁት እሳቸው ብቻ ይመስሉ ነበር። እኔ ያኔ አዲስ ነበርኩ፤ አዲስ ሰው ደግሞ ዓለምን ቶሎ ማስተካከል ይፈልጋል። አንድ ቀን ከጎናቸው ቆሜ ሦስት ጊዜ ጠርቻቸው ሳይመልሱልኝ ሲቀሩ ደሜ ፈላ። ወረቀት ቀድጄ «የመስኮት አንዱ ሠራተኛ ኩሩና ሰው የሚንቁ ናቸው። ሲጠሩ አይመልሱም።» ብዬ ጻፍኩና የአስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ ጨመርኩት።

በወሩ መጨረሻ ኃላፊያችን አቶ ሙሉቀን ሰብስበውን ሣጥኑን ከፈቱ። እንደኔ ያለው ወረቀት አንድ ብቻ አልነበረም። አንድ በአንድ አነበቡና «አቶ ፈንታ፣ እስከ መስቀል ካልተሻሻሉ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራሉ» አሉ። ጋሸ ፈንታ የኃላፊውን አፍ እያዩ አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ግምጃ ቤት ማለት ጓሮ ያለው፣ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ ፋይል የሚጠራቀምበት ክፍል ነው። ሰው አይገባበትም። አዊኛ የሚናገርላቸው ሌላ ሠራተኛ ስላልነበረን እሳቸው ከሄዱ ሽማግሌዎቹ ወሰናቸውን በአስተርጓሚ ሊናገሩ ነው። ይህን ያኔ አላሰብኩትም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ግቢ ውስጥ አንድ ባጃጅ ወደ ኋላ ሲመለስ አየሁ። ጋሸ ፈንታ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ፤ እኔም ጮኽኩ፤ እሳቸው ግን እንዳረማመዳቸው ናቸው። ሮጬ ኮታቸውን ይዤ ሳብኳቸው። ባጃጁ የኮታቸውን ጫፍ ነክቶ አለፈ።

«ክላክሱን አልሰሙም?» አልኳቸው።

«የቱን ክላክስ?» አሉኝ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ፤ ያመለጣቸውን ቃል ለመመለስ የፈለጉ መሰሉ። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ወፍጮ በልቶት ነው» አሉ ጆሯቸውን ነካ አድርገው። «ኸልጅነቴ ጀምሮ አዘና ወፍጮ ቤት ነው የሠራሁት። በማታ ትምህርት እዚህ እስክገባ ድረስ ያ ሞተር አናቴ ላይ ነበር። አሁን እንዲህ ጸጥ ባለ ቦታ ፊት ለፊቴ ሆነሽ ስታወሪኝ አንድም አያመልጠኝ። አዳራሹ ውስጥ ግን የሰው ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ተፈጭቶ ነው እሚመጣልኝ። ጤፉን ኸገብሱ ለይ ብትይኝ እንዴት አድርጌ?»

«የጆሮ መሣሪያ አለ አይደል ጋሸ?»

«ባሕር ዳር ሄጄ አስገጠምኩ። ማኅተሙንም፣ ሕፃኑንም፣ ቆርቆሮውንም አብሮ ያጮህብኛል። መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም? ሰው እኮ ኩሩ ነው እያለዎት ነው።»

ሳቁ። «ኩሩ ሲሉኝ ይፈሩኛል ልጄ። ደንቆሮ ያሉኝ ቀን ግን ያልፉኛል። መስኮቴ ላይ ሰው አይቆምም።»

ያኔ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ዕንባዬ መጥቶ ነበር። እሳቸው ግን «አውቃለሁ» አሉኝ። «ዐይኔ ደህና ነው። የእጅ ጽሑፍሽን ቀን ሙሉ ሳየው እየዋልኩ፣ አቶ ሙሉቀን ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ሲያነብ አላውቀውም? እንዲያውም አመሰገንኩሽ። እውነቱን ብትጽፊው ነበር ጉዱ።»

እንዲህ ዓይነት ሰው ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ከኋላ ሲጠራቸው በብዕሬ ጠረጴዛቸውን መታ መታ እያደረግኩ አሳውቃቸው ጀመር። ቢሆንም መስቀል እየቀረበ ነበር፤ የኔ ብዕር ሰልፉን ሁሉ አያዳርስም።

መላው የተገኘው ዳንግላ ነው። አክስቴ ሞታ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ለቅሶ ሊደርሰኝ መጥቶ ነበር። ሲመለሱ ወደ መናኸሪያው ልሸኛቸው ወጣሁ። የገበያ ቀን ነው፤ ዝናብ ወረደና ጋሸ ፈንታና እኔ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ገብተን ተጠለልን። ሐጂ ኑሩ ባናና ጋቢ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከከንፈራቸው የማያልፍ ዝግ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ባናው ከጣሪያው ጀምሮ በየአቅጣጫው ተሰቅሏል። ውጭው ገበያ፣ በላዩ ዝናብ። ሐጂ ኑሩ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነው፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ኸበሩ ይራቁ፣ ያረጥብዎታል» አሉ።

ጋሸ ፈንታ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። «ምን አሉ?» ብለው አልጠየቁም፤ ሰምተዋል። አፋቸውን ሳያዩ ነው የሰሙት።

«እስኪ ደግመው አንድ ነገር ይበሉ» አሏቸው።

«ምን ልበል?»

«ያሻዎትን። ዞር ብለው ይበሉ።»

ሐጂ ኑሩ እኔን አዩኝ። «ባና ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው የፈለጉት?» አሉ ዞረው። ጋሸ ፈንታ ሰሙት፤ ፊታቸው በራ። ዝናቡ ካባራ በኋላም እየተዘዋወሩ በየባናው ሥር ቆሙ። ሐጂ ኑሩ ዋጋ ለማስቀነስ የሚደረግ ዘዴ መስሏቸው «በቃ፣ ለርስዎ ሲባል እቀንሳለሁ» አሉ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅን ባና ጫጫታ ይውጥ እንደሆነ በስልኬ ፈለግኩ። እንጅባራ ኔትወርክ እንደልብ አይገኝም፤ ዳንግላ መናኸሪያ ላይ ግን ይሠራ ነበር። በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ከወፍራም የሱፍ ጨርቅ የተሠሩ፣ መብራትም ሆነው ጫጫታም የሚውጡ ትልልቅ አባጁሮች እንዳሉ አገኘሁና ሥዕሉን አሳየኋቸው። ስልኩን አቅርበው አርቀው አዩት።

«በግ አለን» አሉ። «ቀርከሃም አለን። ይኼን ኸውጭ ማን ያመጣዋል?»

የመጀመሪያው ሥራቸው ከሸፈ። አምፖሉን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ ቆብ በአቡጀዴ ሰፍተው አመጡ። ሚስታቸው ወይዘሮ ሙሉ አይተው «ለሙሽራ ቤት ነው?» አሉ። ያማረ ነበር፤ ጫጫታው ግን ምንም አልሆነም። ሁለተኛውን እንጅባራ መንገድ ዳር ወንበር የሚሠሩት ቀርከሃ ሠሪዎች ዘንድ ሄደው፣ ከትልቅ ሰፌድ ሦስት እጥፍ የሚሰፋ ክብ አሠሩ። ባናውን በውስጥም በውጭም አለበሱት፤ በሁለቱ መሀል አራት ጣት ክፍተት ተዉ። ባናው ከገዛ አልጋቸው የተነሣ ነበር። ወይዘሮ ሙሉ እየሰፉ «ሰው ክረምት ሲመጣ ይለብሳል፤ የኔ ባል መብራት ያለብሳል» እያሉ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ።

አቶ ሙሉቀን እሳት ፈሩ። ፍርሃታቸው አግባብ ነበር። ጋሸ ፈንታ ከባናው ቁራጭ አውጥተው ክብሪት ጫሩበት። ጠቆረ፣ የተቃጠለ ጠጉር ሸተተ፣ ክብሪቱ ሲነሣ ጠፋ። አምፖሉም የማይግለው ኤልኢዲ እንዲሆን፣ ገመዱንም የመሥሪያ ቤቱ ኤሌክትሪሻን እንዲዘረጋው ተስማሙ። «እስከ መስቀል ነው» አሉ አቶ ሙሉቀን፤ ያችን ቀን አልረሷትም።

የተሰፉትን ባርኔጣዎች የምሳ ሰዓት አዳራሹ ባዶ ሲሆን አንድ በአንድ እንሰቅል ነበር። ጋሸ ፈንታ መሀል ቆመው አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ ከዚያ አፌን ያዩኛል።

«ተመለሰ?»

«ተመልሷል ጋሸ።»

አንዱን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እንደገና ያጨበጭባሉ። «ተመለሰ?» ከላይ ርቆ ሲሰቀል ብዙም አልረዳም፤ ከሰው ራስ ክንድ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ሲንጠለጠል ነው የሠራው። ስምንተኛው ሲሰቀል አጨበጨቡና «ተመለሰ?» አሉ። ጭብጨባው እጃቸው ላይ ቀረ። «አልተመለሰም» አልኳቸው። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን ሌላ አምስት ስድስት ጊዜ አጨበጨቡ።

ተአምር ነው አልልም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ያው ድብደባ ነበር፤ የመንገዱንም ድምፅ አላስቀሩትም። ነገር ግን የሰው ንግግር ወጥቶ እዚያው መቅረት ጀመረ። ሰው ድምፁ ሳይመለስበት ሲቀር ራሱ ዝግ ይላል፤ አንዱ ዝግ ሲል ጎረቤቱም መጮኽ ያፍራል። እኔ ከሰዓት በኋላ ራሴን መታመም ተውኩ። ጋሸ ፈንታ መሳቢያቸውን ከፍተው መሣሪያቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ አሁን የሚያጎላላቸው ከፊታቸው ያለውን ሰው ነበር። ከኋላ የጠራቸው ሰው ሲኖር ዞረው «አቤት» ሲሉ ሰማሁ። በዚያ ወር አስተያየት መስጫው ሣጥን ውስጥ ስለ ኩራታቸው አንድም ወረቀት አልተገኘም።

የተገኘው ሌላ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች፣ በአያ በላይ መሪነት፣ ከዘንገና አካባቢ መጥተው አቶ ሙሉቀን ቢሮ ገቡ።

«ኸዚህ ቤት ምስጢር ገብቷል» አሉ አያ በላይ።

ኃላፊው አልገባቸውም። እኔም መጀመሪያ አልገባኝም። በኛ አገር የመሬት ነገር በጆሮ አይነገርም። ወሰን ሲነገር ጎረቤት ይሰማል፤ የሰማው ሁሉ ምስክር ነው። በዚያ ጫጫታ አዳራሽ ውስጥ ሰው ወሰኑን በጩኸት ሲናገር ሰልፈኛው ሁሉ ሰምቶ «ኧረ ይኼማ የእገሌ ነው» ይል ነበር። አሁን ባለጉዳይና ጸሐፊ አንገት ለአንገት ተጠጋግተው በለሆሳስ ያወራሉ። መንግሥት ዝግ ብሎ ሲያወራ ገበሬ ይጠረጥራል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። እነዚያ ቆቦች የተሰቀሉት ጉቦ እንዳይሰማ ነው የሚል ወሬ ገበያውን አዳርሶ ነበር።

አቶ ሙሉቀን መጥፎ ሰው አልነበሩም፤ ስማቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሽማግሌዎቹን አስከትለው አዳራሹ ገቡና ሁሉም እየሰማ «ዛሬውኑ ይውረዱ!» አሉ። ወደ ጋሸ ፈንታም ዞረው «እርስዎም ሰኞ ግምጃ ቤቱን ይረከባሉ» አሉ።

ጋሸ ፈንታ ሁሉንም ሰሙት፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ለመስማት አፍ ማየት አላስፈለጋቸውም። ተነሥተው ወጡ፤ መሰላል ይዘው ተመለሱ። የመጀመሪያው ባርኔጣ ሥር ተከሉት። ሁለት ደረጃ ወጡና ቆሙ። አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ ሁሉ እንደሚድን አውቃለሁ፤ ያ ቃል ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደበቁት ነው። ልናገርላቸውም አልችልም፤ የኔ አይደለም።

ከመሰላሉ ላይ ሆነው በአዊኛ ተናገሩ። የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ፣ መናገር ባልችልም ገባኝ።

«አባቶቼ፣ ጉቦ አይደለም። ጆሮዬ ነው። ጆሮዬ አይሰማም። ስትጮኹ ከርማችሁ ኩሩ ያላችሁኝ ሳልሰማችሁ ቀርቼ ነው። ብዙ ጊዜ ሳልሰማ ራሴን ነቅንቄያለሁ። የተናገራችሁትን ላለመሳት የጽሑፋችሁን ወረቀት ሦስት ጊዜ እያነበብኩ ነው የሠራሁት። እነዚህን የሰቀልኳቸው ልሰማችሁ ብዬ ነው።»

ቀጥለው ያንኑ በአማርኛ ለአቶ ሙሉቀን ደገሙት። «ደንቆሮ ነኝ» አሉ በግልጽ።

አያ በላይ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው «እና እኛ ይኸን ሁሉ ዘመን የጮኽነው ለቆርቆሮው ነው?» አሉ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላውም ሳቀ። ጋሸ ፈንታም መሰላሉ ላይ ሆነው ሳቁ።

አያ በላይ ግን ነገራቸውን አልለቀቁም። «ጆሮህን እግዜር ይማርልህ። እኛ ግን ምስክራችንን አንተውም» አሉ። ጋሸ ፈንታ ከመሰላሉ ወረዱ። «አትተዉም» አሉ። «ጉዳያችሁን ዝግ ብላችሁ ትነግሩኛላችሁ። ጽፌ ስጨርስ እኔ ተነሥቼ የጻፍኩትን ለሁሉ አነባለሁ። ተቃዋሚ ያለው ያኔ ይናገር። ጸጥ ካለ ኸኋላ ያለውም ይሰማል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አያ በላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ሙሉቀንም የሕዝብ ቁጣ መብረዱን ሲያዩ «እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ከተስማሙ...» ብለው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ስለ ግምጃ ቤቱ ከዚያ በኋላ አላነሡም፤ ጋሸ ፈንታም ጡረታ እስኪወጡ ከመስኮት አንድ አልተነሡም። ጽሑፉን ቆሞ ማንበቡም ዛሬ የአራቱም መስኮት ደንብ ነው።

የዚያን ቀን ግን መሰላሉ ገና ቆሞ ሳለ ጋሸ ፈንታ ቦታቸው ተቀመጡ። ተራው የአንዲት አሮጊት ነበር፤ ባላቸው ሞቶ የይዞታ ደብተሩን በስማቸው ሊያዞሩ የመጡ። ድምፃቸው የደከመ ነው። አንድ ነገር አሉ። እኔ ከጎን ሆኜ የጋሸ ፈንታን ራስ አየሁ፤ እንደወትሮው ሊነቀንቁ ጀምረው ነበር። አቆሙት። ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈው ወደፊት ተጠጉ።

«አልሰማሁዎትም እማማ» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። «ይድገሙልኝ።»

ደገሙላቸው።